የሐዘንተኛው ካስማ

ጣርማ በር ላይ ጠዋት ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ከማለቱ በፊት «የት አመመህ» ይለዋል። ነውር አይደለም፤ ከተማው የዋሶች ከተማ ነው።

ዋስ ቤቱ የተሠራው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ጉሙ ገና ሳይገፈፍ ዋሶቹ አንዱ እያነከሰ፣ አንዱ ወገቡን ይዞ፣ አንዷ አንገቷን አዘንብላ ይገቡና አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። ተቆጣጣሪዋ እማዋይሽ በየተራ ትጠይቃለች።

«ቀኝ ጉልበቴን ሲበላኝ አደረ» አለ አንዱ።

«ይበላሃል ወይስ ይወጋሃል?»

«መውጋት እንኳ አልጀመረም።»

«እንግዲያው ብረቱ ዛሬ ይብረር፤ ማታ ይነቀላል። አንቺስ?»

«እኔ ወገቤን ነው፤ ግን ትናንት ስጋጃ ሳጥብ ነው የዋልኩት። ከብረቱ ይሁን ከስጋጃው እንጃ!»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እማዋይሽ አልሳቀችም። «ሳቃችሁን ለቤታችሁ አቆዩት! የጭራው ብረት ተፈትሾ እስኪመጣ የሰማይ አውቶቡሱ አይነሣም» አለች። ሁልጊዜም እንዲህ ናት። ከሰው ሁሉ በፊት ትደነግጣለች፣ ከሰው ሁሉ በኋላ ትረጋጋለች።

በድሮ ዘመን የአውሮፕላን ብረት ዋሱ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ያርፋል፣ ብረቱ ይገጠማል፣ ሰው ይሳፈራል። ማኅተሙን ግን የሚያስመስሉ ሰዎች ተነሡ፤ ቀጥለው የመመርመሪያ መሣሪያውንም ማስዋሸት ተማሩ። የወደቀው ሰው ብዛት ሲነገር ሰሚው ጆሮውን የሚይዝበት ዘመን መጣ። ከዚያ ወዲህ ነው ሕጉ የወጣው፤ ወረቀት አያመውም፣ ሰው ግን ያመዋል። እያንዳንዱ ዋና ብረት በገንዳ ውስጥ እንደ ተክል ሲያድግ እህት ክር ይዘራበታል። እህት ክር የሚሉት መንታ የሆነ የሥጋና የብረት ጅማት ነው፤ አንዱ ጫፍ ብረቱ ውስጥ፣ ሌላው በዋሱ አጥንት ውስጥ ይኖራል። በመካከላቸው ገመድ የለም፤ ቢሆንም የትም ቢራራቁ ይሰማማሉ። ብረቱ ሲደክም ዋሱን ይበላዋል፣ ሲሰነጠቅ ይወጋዋል፣ ከተሰበረ የዋሱ አካል እዚያው ይሞታል። የአውቶቡሱ ማረፊያ እግር ጉልበት ላይ ይሰማል፣ ጭራው ወገብ ላይ። ክንፉን ከገላው የሚያያይዘው ካስማ ደግሞ ከአንገት ሥር ባለው አጥንት ላይ። ማስታገሻ መዋጥ ያሳስራል።

ተሳፋሪው ታዲያ ሰማይ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። ምን ያድርግ፤ የሚያመው ሌላ ነው።

የእማዋይሽ አጥንት ውስጥ ክር የለም። ተቆጣጣሪ ዋስ አይሆንም፣ ሚዛን ይስታል ተብሎ ተከልክሏል። በዚያ ጠዋት ግን አንዳች ነገር የተዘራባት ያህል ሆዷን ይቆርጣት ነበር። የሰባት ዓመት የልጅ ልጇ ሐመልማል «ጭላት» በምትባለው የሰማይ አውቶቡስ ብቻዋን ተሳፍራ ሰመራ ወዳለው አባቷ እየወረደች ነው። እማዋይሽ የጭላትን ዋሶች ሁለት ሁለት ጊዜ ጠይቃቸዋለች። «ኧረ ደህና ነን እትዬ፣ አሁንስ አሳመሙን!» እስኪሏት ድረስ። አንድም የወጋው አልነበረም።

ሥራዋን ስትጨርስ ወደ አንዳርጌ ለቅሶ ሄደች።

አንዳርጌ የማረፊያ እግር ዋስ ነው። ውዲቱ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጁ በትኩሳት ሞታበት ገና ድንኳኑ አልፈረሰም። ሚስቱ ቀደም ብላ ስለሞተች ከልጁ በቀር ሰው አልነበረውም። እማዋይሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገብታ፣ «እግዜር ያጽናህ» ብላ ከሴቶቹ ጎን ተቀመጠች። አንዳርጌ ፍራሹ ላይ ግራ እጁን ከአንገቱ ሥር ለጥፎ ይወዛወዛል።

«አልቅስበት ልጄ» ይሉታል አንዲት አሮጊት፣ «ያልወጣ እንባ ደረት ይሰብራል።»

«ደረቴን አይደለም እማማ። እዚህ ጋ ነው።»

«ሐዘን ምን ቦታ ይመርጣል! እኔ ባሌ ሲሞት ጥርሴን ነው ያመመኝ።»

አንዳንዱ በሐዘን መሐል ፈገግ አለ። እማዋይሽ ግን ልቧ እዚያ አልነበረም፤ ከጭላት ጋር እየበረረች ነው። አሁን ከገደሉ ወርዳለች ትላለች በሐሳቧ። አሁን የቆላው ሙቀት ከሥር ያነሣታል፣ ትንሽ ትናወጣለች፣ ልጄ ትፈራ ይሆን? አንዳርጌ አቃሰተ። አሁን ሸዋ ሮቢት አርፋ ሰው ታወርዳለች። አንዳርጌ ዝም አለ፤ ውሃ እንኳ ጠየቀና ጠጣ። አሁን ደግሞ ተነሣች፣ ዞራ ወደ ምሥራቅ—

«ወይኔ!» አለ አንዳርጌ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ተሸማቆ።

እማዋይሽ ቀና አለች።

«አንዳርግ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ይህ የያዘህ?»

«ከቀብሯ ማግስት።»

«ጨርሶ አይተውህም?»

«ሌሊት ይተወኛል እትዬ። የሰው ሐዘን ሌሊት ይብስበታል ይላሉ፤ የኔ የአጥንቴ ግን ቀን ቀን ነው። ሌሊት የማለቅሰው ሳያመኝ ነው።»

የሰማይ አውቶቡሶች ሌሊት አይበሩም።

እማዋይሽ ተነሥታ ድንኳኑ ጥግ ላይ ንፍሮ የሚያድለውን ደምመላሽን ክንዱን ያዘችው። ደምመላሽ የክንፍ ብረት ዋስ ነው፤ ከአንዳርጌ ጋር በአንድ ገንዳ ቤት አርጅተዋል።

«አንተ፣ አንዳርጌ የክንፍ ካስማ አለው እንዴ?»

ደምመላሽ ትሪውን በዝግታ አስቀመጠ። «እትዬ፣ አይቆጡ...»

«አለው ወይ አልኩህ!»

«ሐዘን ላይ ነው ብለን ነው። ወሩን ብረት ያልተረከበ ዋስ ይሰረዛል፣ ቤቱን ይለቃል። ልጁን ቀብሮ ደግሞ ቤቱን ይልቀቅ? ሥራውን ተካፈልንለት። ከአንገቱ ሥር የተዘራበት ክር ሌላው ጫፍ ገና ብረት ሳያገኝ ቀዝቃዛው ሣጥን ውስጥ ነበረ፤ እኔ ብረቱን ዳበስኩና የእሱን ክር ተከልኩበት። በልጆቼ እምላለሁ፣ ብረቱ ጤነኛ ነበር! እንቁላል የመሰለ ብረት!»

«እሱ ያውቃል?»

«በለቅሶ መሐል ሥራ ይነሣል እንዴ እትዬ? ነውር አይደለም? ድንኳኑ ሲፈርስ እነግረዋለሁ ብዬ ነው።»

ጣርማ በር ላይ ሐዘንተኛ ሸክሙን ለብቻው አይሸከምም፤ እህሉን ጎረቤት ይሰበስብለታል፣ ውሃውን ጎረቤት ይቀዳለታል። ብረቱንም ሰበሰቡለት እንግዲህ።

«የት ገጠማችሁት?»

«ጭላት ላይ፣ ግራ ክንፏ። ጠዋት ሲጠይቁኝ የራሴ ነው ብዬ መልሼልዎታለሁ።»

እማዋይሽ የድንኳኑን ምሰሶ ይዛ ቆመች። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ያለችውን ጉትቻ ነካች፤ ጉትቻዋ የመሥሪያ ቤቱ መነጋገሪያ ናት። የበረራ ዋስትና ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ድምፃቸው ወዲያው መጣ።

«ጭላትን ያውርዱልኝ። የግራ ክንፏ ካስማ እየወጋ ነው።»

«ማንን?»

«አንዳርጌን።»

«አንዳርጌ ሐዘን ላይ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እንግዲያው ምን ልሁን? ‹የሐዘንተኛ ሕመም አይመዘገብም› የሚለውን ደንብ ያስጻፉት እኮ እርስዎ ነዎት ወይዘሮ እማዋይሽ። ያኔ አንዲት ባልቴት ልቤ ተሰነጠቀ ባለች ቁጥር አውቶቡስ ስናወርድ፣ ሕዝቡ መሳቂያ ሲያደርገን፣ ‹ሐዘንተኛ ሁሉ ያመዋል፣ ምን ሊጠቅመን› ያሉት ማን ነበሩ?»

«የልጅ ልጄ አለችበት ጌታዬ!»

«ታዲያ ይህ ምስክርነትዎን ያጠነክረዋል ወይስ ያላላዋል? ደንቡ መውጫ አለው። ሐዘን መለያውን ያድርጉለት። ሰማያዊ ከበራ በዚህች ደቂቃ አወርዳለሁ።»

ሐዘን መለያ የሚሉት አምባር ነው። ሐዘንተኛው እጅ ላይ ይታሰርና የሟቹን ድምፅ ያሰሙታል። ሕመሙ ከድምፁ ጋር ካልተነሣ የብረት ነው፣ አምባሩ ሰማያዊ ይበራል። ከድምፁ ጋር ከተነሣ ሐዘን ነው፤ ቀይ። ቀለሙ ኃላፊውም ዘንድ ይታያል። እማዋይሽ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች። በሰው እጅ ላይ ስታስረው ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አንዳርግ፣ የውዲቱ ድምፅ አለህ?»

አሮጊቷ ጮኹ። «ምን ልታደርጊው ነው? ገና አፈሯ ሳይደርቅ!»

አንዳርጌ ግራ ገብቶት አያት። በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችው፤ ካስማውን፣ ጭላትን፣ ወዳጆቹ ያደረጉለትን። ወደ ደምመላሽ ዞሮ ተመለከተው። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ የድምፅ ማስቀመጫውን አወጣ። በጣቱ እስከሚነካው ድረስ እጁ ብዙ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ።

የልጅቷ ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። በትኩሳት የሰለለ፣ ትንሽ የተናደደ ድምፅ። «አባ፣ መቼ ነው የምትመጣው? ጉልበትህን እዚያ ተወውና ና በቃ።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። አንዳርጌ እንደተወጋ በሬ አጓራና በግራ ጎኑ ወደቀ። አምባሩ እንደ ፍም ቀላ።

«አዩት?» አሉ አቶ ልዑልሰገድ በጉትቻው፣ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ሐዘን ነው። ጭላት ትቀጥላለች። ሰውየውን ያስተኙት።»

አንዳርጌ ግን ከወደቀበት ሆኖ «ባሰበት» ይል ነበር። «ድምፁ ቆሟል፣ እሱ ግን አልቆመም። ኧረ ባሰበት!»

እማዋይሽ አጠገቡ ተንበረከከች። አንድ ሕግ ቀርቷል፤ ኃላፊም ሊሽረው የማይችል፣ አውቶቡሶቹ ራሳቸው ውስጥ የተቀበረ ሕግ። ዋስ የሌለው ብረት አይበርም። የዋሱ ክር የተቆረጠ እንደሆነ አውቶቡሱ ሾፌሩን እንኳ ሳይጠይቅ ቅርብ ወዳለ ሜዳ ይወርዳል። ተቆጣጣሪዎች መቁረጫ የሚይዙት ለዚህ አይደለም። ዋስ ሲሞት ክሩን ይዞ እንዳይቀበር ከሬሳው ላይ ቆርጠው ያወጡበታል። የሕያው ሰው ክር በሐኪም ቤት ቀስ በቀስ እየሟሸሸ ይወጣል እንጂ በጥሬው አይቆረጥም። በጥሬው ስለተቆረጠበት ሰው የሚያወራ እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለአንዳርጌ አልነገረችውም። ዋስ ነው፣ ያውቃል። መቁረጫውን ከቦርሳዋ አውጥታ ፍራሹ ጫፍ ላይ ብቻ አስቀመጠችው።

አንዳርጌ አየው።

«ማነው ያለበት?»

«ሰው ነው። ብዙ ሰው።»

«ማን አለበት ነው የምልሽ።»

በሕይወቱ «አንቺ» ብሏት አያውቅም።

«ሐመልማል። የልጅ ልጄ።»

ሳቀ። የሚያስፈራ ሳቅ ነበር፤ አሮጊቷ አማተቡ። «ውዲቱ ስታቃስት ፈቃድ ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ?»

እማዋይሽ አንገቷን ደፋች።

«ንገሪያቸው እንጂ! ለቀስተኛው ይስማ።»

«‹የሰው ነፍስ ጉልበትህ ላይ ነው› አልኩህ።»

«ያን ቀን ይበላኝ ነበር እንጂ አይወጋኝም ነበር። ነግሬሻለሁ። ‹ቢሆንም ተቀመጥ› አልሽኝ። ብረትሽን ስጠብቅ ልጄ በር በሩን እያየች ሞተች።»

«እምቢ በላት ልጄ» አሉ ከወንዶቹ ወገን አንድ ሽማግሌ። «ማንም አይፈርድብህም።»

ደምመላሽ አንገትጌውን ቀደደና ፊቷ ተደፋ። «የኔን ይቁረጡ እትዬ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔን!»

«ያንተ ክር አይደለም እዚያ ያለው» አለችው፤ ዞራም አላየችው። ዓይኗ አንዳርጌ ላይ ነበር፤ ከዓይኗ ጀርባ ደግሞ ሐመልማል በመስኮቱ በኩል ሆና ደመና ትቆጥራለች። እማዋይሽ ጸሎት የምታውቅ ሴት ነበረች፤ በዚያች ሰዓት የጸለየችው ግን ይህ ሰው እንዲቀበል ብቻ ነበር። ስለ እሱ ምንም አልጸለየችም።

አንዳርጌ እንደገና ተሸማቀቀ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት፣

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለ።

«ሰባት።»

«የኔ ዘጠኝ ነበረች።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም።» ሸሚዙን ከአንገቱ ሥር ገለጠ። «ቶሎ በይ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ ግን።»

እማዋይሽ ቆረጠችው።

ጭላት ከሸዋ ሮቢት ወዲያ አንድ የማሾ ማሳ ላይ ወረደች። ባለማሳው ስለማሾው ጮኸ እንጂ የሞተ ሰው አልነበረም፤ ጥፍሩ የተላጠም እንኳ። ሐመልማልን ሲያመጡላት እማዋይሽ ራሷን፣ ክንዷን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ደባበሰቻት።

«አያቴ፣ ክንፉ አለቀሰ» አለቻት ልጅቷ።

«ነፋስ ነው የኔ እናት።»

«ነፋስ አይደለም። እንደ ሰው ነው ያለቀሰው። ከዚያ ጧ አለ።»

ማንም አላመናትም፤ ካስማው በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በጨረር እስኪነበብ ድረስ። በገንዳ ያደገ ብረት እንደ ግንድ ቀለበት አለው፤ መቼ ምን እንደደረሰበት ይናገራል። ካስማው ከመካከሉ ሊበጠስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ብረቱ ሲገጠም፣ ደምመላሽ እንደማለው፣ እንከን አልነበረበትም። ከዚያው ገንዳ የወጣው መንታው ካስማ አሁንም እንከን የለበትም። ስንጥቁ የጀመረው ውዲቱ በተቀበረች ሌሊት፣ ጭላት ቆማ ባለችበት፣ አንዳርጌ ብቻውን ባለቀሰባት ሰዓት ነው። በማግስቱ ሌሊት ጠለቀ። በሠልስቱ ሌሊት ጠለቀ። ከሁሉ የሚከፋው ስንጥቅ፣ ካስማውን እስከ ልቡ የከፈለው፣ አምባሩ በቀላባት ደቂቃ የመጣ ነው፤ የልጅቷ ድምፅ ድንኳን ውስጥ ሲሰማ።

አቶ ልዑልሰገድ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ክሩ በሁለቱም በኩል ያስተላልፋል» አሉ።

ስንት ዘመን ብረቱ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ሲመዘግቡ ኖረዋል። ሰውየው ብረቱን ምን እንደሚያደርገው የጠየቀ አልነበረም። ሌሊት አንዳርጌ ሐዘኑን ለብረቱ ይሰጣል፣ ቀን ብረቱ ይመልስለታል። ወዳጆቹ ከፍቅራቸው ብዛት ያስታቀፉት ብረት ጤነኛ ነበር፤ ሸክሙን ሊጋራው ሞከረና ተሰነጠቀ። እነሱ ደግሞ ሐዘንና ብረትን እንለያለን ብለው ሐዘኑን በላዩ ላይ ጨመሩበት።

አንዳርጌ አልሞተም። በተቆረጠበት ማግስት ከፍራሹ ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበና «ይህ ድንኳን አሁንም ምን ይሠራል? አፍርሱት እንጂ» አለ። ሰው ደነገጠ። ውዲቱን አልረሳትም፤ ስሟን፣ የሞተችበትን ቀን፣ የመጨረሻ ቃሏን ሳይቀር ይናገራል፤ አነጋገሩ ግን ስለ ትናንት ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። እህት ክሩ ሥሩን የሰደደው ሐዘን በሚቀመጥበት ኖሯል፣ ሲቆረጥ ይዞት ወጣ። አሮጊቷ ልብሱን ለማጣጠፍ መጥተው የልጅቷን ቀሚስ ቢሰጡት «ለሚለብሰው ስጡት» ብሎ መለሰላቸው። አሮጊቷ ከዚያ ቤት እያለቀሱ ወጡ፤ ለሟቿ አይደለም።

አዲስ ክር ሲዘሩበት ያዘለት። አሁን የሚያመው ብረቱ ብቻ ነው። የትኛው ካስማ፣ በየትኛው ጎን፣ ምን ያህል እንደደከመ፣ እንደ መጽሐፍ ያነብበዋል፤ ብረቱም ከእሱ የሚቀበለው ምንም ነገር የለም። አቶ ልዑልሰገድ «እንዲህ ያለ ዋስ አይቼ አላውቅም» አሉ። አዲስ ደንብም ረቂቁ ተዘጋጀ፤ የዋሶች ሁሉ ክር በጥሬው ይቆረጥና እንደገና ይዘራል። የሚቀረው የተቆጣጣሪዋ ስምምነት ነበር።

እማዋይሽ ረቂቁን ይዛ ዋስ ቤት ገባች። እንደሚጮኹባት፣ ድንጋይ እንደሚያነሡ ጠብቃ ነበር። አንዳንዶቹ በእርግጥ ጮኹ። ቀድማ የተነሣችው ግን ያቺ ስጋጃ የማጠብ ነገር ተናግራ ሰውን ያሳቀችው ሴት ናት።

«እኔ እቆረጣለሁ እትዬ።»

«ምን እንደሚወስድብሽ ገብቶሻል?»

«ወንድሜን ውሃ ከወሰደው ወዲህ ልብስ ሳላጥብ የዋልኩበት ቀን የለም። ውሃው ውስጥ እጄን ከትቼ ማልቀስ ስለሚቀለኝ ነው። ይቁረጡልኝ። ሰዉም በሰላም ይብረር፣ እኔም ልረፍ።»

ከኋላዋ ሌላ ተነሣ፣ ከእሱም ኋላ ሌላ። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። ደምመላሽ ብቻ አልቆረጥም ብሎ አግዳሚው ላይ ቀረ፤ እሱን ደግሞ ዋስነቱን ቀሙት፣ ቤቱንም አስለቀቁት።

እማዋይሽ እምቢ ልትል ትችል ነበር። የእምቢታው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሐመልማል ግን ወር በገባ ቁጥር ወደ አባቷ ትበራለች፤ የሰው ሆድ ደግሞ በምን ሌሊት ምን እንደሚነሣበት አይታወቅም። ረቂቁን አጸደቀች። በዚያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ሆዷን የሚቆርጣት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅቋት ነበር። እፎይታው አሳፈራት፤ ግን እፎይ አለች።

የቆረጣው ወራት ካለፈ በኋላ፣ ሐመልማል እንደገና የምትሳፈር ዕለት፣ እማዋይሽ ልጅቷን በእጇ ይዛ ዋስ ቤት አስገባቻት። «ሕይወትሽን ያተረፈልሽ ሰው ነው፣ ጉልበቱን ሳሚ» አለቻት። ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር። ዋሶቹ ተደርድረው ሕመማቸውን አንድ በአንድ ይናገራሉ፤ የሚሳሳት የለም፣ የሚቀልድም የለም። ሐመልማል ተንበርክካ የአንዳርጌን ጉልበት ሳመች።

«ደህና ነሽ?» አለ አንዳርጌ።

«ደህና ነኝ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።» ቀና ብላ አየችው። «አያቴ ልጅ አለችህ ብላኛለች። የት አለች?»

«ሞታለች።»

ልጅቷ የሚቀጥለውን ጠበቀች። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ካሉ በኋላ ፊታቸው ላይ የሚመጣ ነገር አለ፤ ያንን ጠበቀች። ምንም ሳይመጣ ሲቀር ጮክ ብላ፣ በእነዚያ ሁሉ ሰዎች መሐል ብቻዋን፣ አይታት ለማታውቃት ልጅ አለቀሰች። ዋሶቹ ዞረው አዩዋት። ስጋጃ አጣቢዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የማታውቀውን አገር ዘፈን እንደምትሰማ ሰው ታዳምጣት ነበር።

አንዳርጌ ወደ እማዋይሽ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ ቂም የለም።

«እትዬ፣ ልጅቷን ያውጧት» አላት። «እዚህ ማልቀስ በደንቡ ተከልክሏል።»

ደንቡን ያጸደቀችው እሷ ናት። እማዋይሽ ልጅቷን ወደ ጉያዋ ስባ አፏን በመዳፏ ከደነችው፤ ትንሹ ትንፋሽ እጇ ውስጥ ይንፈራገጥ ነበር፣ እሷም ለቅሶው እስኪበርድ ድረስ አጥብቃ ያዘችው።